«አየሁ» ብዬ ያላየሁት ገመድ

ጋሽ ይመር አሊ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጉለሌ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በእምነታቸው ሥርዓት መሠረት ቀብራቸው በዚያው ዕለት ከአሥር ሰዓት በፊት ተፈጽሟል። እኔ በዚያ ሰዓት ከእንጦጦ ጀርባ እንግዶች እየመራሁ ነበር፤ ስልኬም ኔትወርክ አልነበረውም። ከጫካው ወጥቼ መልእክቱን ሳነብ ሁሉ ነገር አልቋል። ሥራዬን አንድ በአንድ ያስተማሩኝ ሰው ጀናዛቸው ከግቢ ሲወጣ እንኳ አልደረስኩም።

ወሎ ተወልደው ጉለሌ ያረጁት ጋሽ ይመር፣ የከተማ ሰው ለመዝናናት ብሎ ወንዝ መቅዘፍ፣ ተራራ መውጣትና በረሃ ማቋረጥ ገና ሲጀምር መንገድ ከመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በአዋሽ ገደል ውስጥ በጎማ ጀልባ የወረደ፣ ስሜን ላይ በድንኳን ያደረ፣ አፋር ወርዶ የጨው ሜዳውን የረገጠ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ያንን ዝግ ያለ ድምፃቸውን ያስታውሰዋል። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ይባስ ብሎ ዝቅ ይላል። እኛ ተማሪዎቻቸው የምንፈራው ዝቅ ሲል ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የምጽፈው «አዋሽ ላይ ተኝቶ ጀልባ ያስወሰደው ሽማግሌ» የሚለውን ወሬ ለሰማችሁ ነው። ወሬው ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ከሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቱ ሳያንሰኝ ደግሞ እኔው ራሴ አወራሁት።

ከጋሽ ይመር ጋር የተገናኘነው የአስጎብኚነት ፈቃዴን ባወጣሁ ሰሞን ነው። ማርታ እባላለሁ፤ ያደግኩት እዚያው ጉለሌ ነው። እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ላይ «ልጄ ወንዝ ለወንዝ ልትዞር ነው፣ ጌታ ልብ ይስጣት» ብላ አስጸልያብኛለች። በሠራሁበት የጉዞ ድርጅት ውስጥ ከአስጎብኚዎቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ ምግብ አብሳይ አድርገው ሊያስቀሩኝ አስበው ነበር። ጋሽ ይመር መቅዘፊያ አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «ወጥ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። አንቺ ነይ፣ ውሃ ማንበብ ላስተምርሽ» አሉኝ።

አስተማሩኝም። ጉዞው ቅዳሜ ከሆነ ዓርብ ከሰዓት የሁሉም ሰው ሻንጣ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። ዶክተርም ሆነ ባለሥልጣን፣ ጓዙን ሳያሳይ ከጋሽ ይመር ጋር የሚሄድ የለም። አንድ ጊዜ ወደ አፋር የሚወርድ እንግዳ ከሻንጣው ካውያ ወጣ። ጋሽ ይመር ካውያውን አንስተው አገላብጠው አዩትና «ወንድሜ፣ የምንሄድበትን ሙቀት አልነገሩህም መሰለኝ። ሸሚዝህን ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው፣ ተተኩሶ ታገኘዋለህ» አሉት። ሰውየው ከሁላችን በላይ ሳቀ። ካውያው ግን ጉለሌ ቀረ።

ተራራ ላይ ሌላ ጠባይ ነበራቸው። እንግዳ ሲደክመው፣ በተለይ ደግሞ ደከመኝ ማለት የሚያፍር ዓይነት ሰው ሲሆን፣ ከሁሉም በፊት እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ። «ይቅርታ፣ ጫማዬ ነክሶኛል። ትንሽ ጠብቁኝ» ብለው ምንም ያልሆነውን ጫማ ያወልቃሉ፣ ያራግፋሉ፣ ካልሲያቸውን ያስተካክላሉ፣ ቀስ ብለው መልሰው ያስራሉ። ሰውየው እስኪያርፍ ድረስ ጫማው አያልቅም። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች እኔም እውነት መስሎኝ «ጋሽ ይመር፣ ለምን ሌላ ጫማ አይገዙም?» ብያቸው አውቃለሁ። ፈገግ ብቻ አሉ። የሌላውን ሰው ኀፍረት እሳቸው ላይ መጫን ልማዳቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሲገባኝ ደግሞ ተጠቀምኩበት።

ወንዝ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ጀልባ ዳር በወጣ ቁጥር የማይታለፍ አንድ ሕግ ነበራቸው። አንድ ሰው ያስራል፤ ካሰረው ሰው ሌላ አንድ ሰው ደግሞ እስከ ገመዱ ድረስ ሄዶ፣ ቋጠሮውን በእጁ ጨብጦ፣ ስቦ «አየሁ» ይላል። በዓይን ብቻ አይተው «አየሁ» ማለት አይቻልም። «ሰው የራሱን ቋጠሮ ሲያይ የሚያየው ያሰበውን ነው» ይሉ ነበር። «ስለዚህ ሌላ እጅ ይንካው።» ይህን ሕግ እኔ ዛሬም አስተምረዋለሁ። በገዛ አፌ።

የዚያን ቀን አዋሽ ላይ ስምንት ሰው ነበርን፤ ስድስት እንግዶች፣ ጋሽ ይመርና እኔ። ለምሳ ዳር ወጣን። ጀልባውን ያሰረው መማር የፈለገ አንድ እንግዳ ነው፤ ከግራር ሥር ጋር አሰረው። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። በእኔና በገመዱ መካከል ጉልበት ድረስ የሚያሰምጥ ጭቃ ነበር። ልብሴን ቀይሬ፣ ደረቅ ሱሪ ለብሼ፣ አለት ላይ ወጥቼ ለድርጅቱ ገጽ የሚሆን ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ጋሽ ይመር ለሰላት እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ፣ ከወዲያ በኩል ተጣሩ።

«ማርታ፣ አየሽው?»

«አየሁ!» አልኩ። እንግዶቹ ራቅ ብለው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ስለነበር የሰማን የለም።

ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ የለም።

እሳቸው ቃሌን ይዘው ለሰላት ቆሙ። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ውሃው ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ዞር ስል ጀልባው የለም። የምንጠጣው ውሃ፣ ምግቡ፣ የሳተላይት ስልኩ፣ ሁሉም እላዩ ላይ ነበር። ጮህኩ። ጋሽ ይመር ሰላታቸውን አሰላምተው፣ ጨርሰው ተነሡ፣ የግራሩን ሥር ሄደው አዩት፣ ከዚያም እኔን አዩኝ። የጠየቁኝ ነገር የለም። «በቃ፣ ከዚህ በኋላ በእግር ነው። ያለንን ውሃ ሁሉ እዚህ አምጡ» አሉ። ለስምንት ሰው አራት ጠርሙስ ሆነ።

ገደሉን ስንወጣ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ከእንግዶቹ አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ መምህርት፣ ግማሽ ላይ ሙቀቱ አዞራቸውና ወደቁ። ጋሽ ይመር ሽርጣቸውን ወንዝ ነክረውት ነበርና የመምህርቷ ራስ ላይ ጠመጠሙት፤ የራሳቸውን ድርሻ ውሃም በክዳን በክዳን እየቀዱ አጠጧቸው። እሳቸው ከንፈራቸውን ብቻ ሲያርሱ አይቻለሁ። ሴትየዋን ደግፈው አንድ ቁልቁል ድንጋይ ሲሻገሩ ተንሸራተቱ፤ ጉልበታቸው ሲዞር ድምፁ ተሰማኝ። ቁጭ አሉና «ጫማዬ ነክሶኛል» አሉ። የዚያን ጊዜ እንኳ። አመሻሽ ላይ ግመል ጠባቂዎች አግኝተውን ወተት አጠጡን፤ እስከ አስፋልቱም አደረሱን። ስምንታችንም በሕይወት ተመለስን። ያ ጉልበት ግን ከዚያ ወዲያ ደህና ሆኖ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ የድርጅቱ ባለቤት ቢሮው ጠራን። «ገመዱን ያየው ማን ነው?» አለ። ጋሽ ይመር አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርገውኝ «እኔ ነኝ። ሸለብ አድርጎኝ ነው» አሉ። ለሰላት ቆሜ ነበር አላሉም። ጸሎታቸው ሰበብ ሆኖ እንዲነሳ አልፈለጉም።

ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። እያለቀስኩ «ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኳቸው።

«ስሚ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔን "አርጅቷል" ነው የሚሉኝ። አንቺን ግን "ሴት ስለሆነች ነው" ይሉሻል፤ ሁለተኛም ሴት አይቀጥሩም። የኔው ይሻላል። ብቻ እግርሽ ሲጸና፣ አንድ ቀን አንቺው ራስሽ አውጪው። ልጄ አባቴ ተኝቶ ነበር ብላ እንድታስበኝ አልፈልግም።»

«እሺ» አልኩ። በቁርጥ ነው ያልኩት። ጊዜ ግን ለልበ ደረቅ ሰው ይመቻል። እሳቸው ከወንዝ ሥራ ወጡ፤ በቦታቸው እኔ ተተካሁ። መጀመሪያ ገና አዲስ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ስሜ ሲታወቅ፣ አሁን ብናገር ድርጅቱን እጎዳለሁ ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ደግሞ ነገሩ ተረስቷል፣ እሳቸውም ወንዙ ሰልችቷቸዋል አልኩ። ማን እንደነገረኝ እንጃ። እግሬ ግን ድሮ ጸንቶ ነበር።

ጋሽ ይመር በበኩላቸው ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ሱቅ ከፍተው ድንኳንና ቦርሳ መጠገን ጀመሩ። ቅዳሜና እሑድ ጉልበታቸው የፈቀደውን ያህል ሰዎች ይዘው እስከ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይራመዳሉ። ያረጁ የጀልባ ጃኬቶችን እየገዙ ውስጣቸው ያለውን ስፖንጅ ያወጣሉ፣ በሸራ ይሰፉታል፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች ጀርባ ማሳረፊያ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ሱቃቸው ደርሼ አንዲት እናት እንጨቷን አውርዳ ስታስለካ አየሁ። «ይኸ ነገር ሰው ከመስጠም ለማዳን ነው የተሠራው» አሏት መርፌያቸውን እየሳቡ። «ደረቅ መሬት ላይም ይሠራል፣ እስቲ ሞክሪው።» ሴትየዋ እንጨቱን መልሳ ተሸክማ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ብላ ሳቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ይህንን ሰው ምን አደረግኩት አልኩ። ከዚያ የተቀደደ ድንኳኔን ሰጥቻቸው ሄድኩ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ደረስኩ። ለአዳዲስ አስጎብኚዎች ሥልጠና ስሰጥ፣ የገመዱ ሕግ ላይ ደረስኩና ክፍሉ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። ለማንቃት ብዬ የአዋሹን ታሪክ አወራሁ። ሽማግሌው ግራር ሥር ጋደም ብለው ሲያንኮራፉ፣ ጀልባው ጥሏቸው ሲሄድ፣ ማንኮራፋቱን ጭምር አስመስዬ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ በሩ ላይ ጋሽ ይመር ቆመዋል። ድንኳን ስለ መጠገን እንዲያስተምሩ የጋበዝኳቸው እኔው ነበርኩ፤ ቀደም ብለው ነው የመጡት።

ገቡ። ሰላምታ ሰጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ክርና መርፌ ይዘው አስተማሩ፤ ማንም ሰው ያ ሽማግሌ እሳቸው መሆናቸውን አላወቀም። ስሸኛቸው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ጥሩ ታስተምሪያለሽ። የመምህርቷን ነገር ግን ዘለልሽው። ሙቀት የመታው ሰው እንዴት ገደል እንደሚወጣ ቢሰሙ ይጠቅማቸዋል።»

ይህን ብቻ ነው ያሉኝ። ምነው በሰደቡኝ! ከዚያ ቀን በኋላ ሱቃቸው ባለበት መንገድ ላለማለፍ በላይኛው በኩል እየዞርኩ ነበር የምሄደው። ሰው ካስቀየመው ሰው ይሸሻል ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን የሸሸሁት ከውለታ ነው።

ከመሞታቸው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ መታመማቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እውነቱን አወጣለሁ ልላቸውም፣ ይቅርታ ልለምናቸውም ወስኜ ነበር። መስኮት አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል፤ ከስተዋል። ልጃቸውን ሐያትን «እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ብለው ላኳትና ወደኔ ዞሩ።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም፣ ጋሽ ይመር። ለመጠየቅ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐያት ውሃውን ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደዘገየ ስናወራ ቆየን።

ማክሰኞ ማታ ለቅሶ ቤት ሄጄ ሐያትን ወደ ጓሮ ጠራኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። አላለቀሰችም። ስጨርስ «እኔ ወንዝ ላይ መሥራት እፈልግ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አባዬ "ጥቂት ቆዪ፣ መጀመሪያ ዋና ተማሪ" አለኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩለት መሰለሽ? "ጀልባ ያስወሰደ ሰው ስለ ውሃ አይመክረኝም" አልኩት። ዝም አለኝ። እንዲህ ነው ብሎ ሊነግረኝ ይችል ነበር እኮ! ዝም አለኝ፣ ማርታ።»

«ይቅርታ» አልኳት።

«አሁን አልችልም» አለች። «ውሸት ብዬሽ ምን ይጠቅምሻል? አልችልም። ግን ያወራሽበት ቦታ ሁሉ ሄደሽ ትመልሺዋለሽ። ለኔ ብቻ ነግረሽኝ ቀለል ብሎሽ አትሄጂም።»

ያሠለጠንኳቸውን ልጆች ሰብስቤ ነገርኳቸው። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ለድርጅቱ የቀድሞ ባለቤት ደወልኩ። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ተናግሬ ስጨርስ «ይመር ልመለስ ብሎ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ጉልበቴ ቢጎዳም ጀልባ ላይ የሚሠራው እጅ ነው አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣማ ያለ ደመወዝም ቢሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን አለኝ። የሚተኛ ሰው ውሃ ላይ አላወጣም ብዬ መለስኩት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ወንዙ ሰልችቷቸዋል ብዬ ስንት ዓመት ተኝቼ አድሬአለሁ።

ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ለእኔ ቦታ ሊያቆዩልኝ ብለው የራስዎን ለቀቁ፤ እኔ ደግሞ ቦታውን ይዤ በስምዎ ሳቅሁ። ይቅርታ መጠየቂያው ጊዜ ፍራሽዎ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ዝናብ ሳወራ አልፎኛልና አሁን ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። በእምነትዎ እንደሚሉት አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ፤ እኔም በእኔው ቋንቋ ጌታ ነፍስዎን ያሳርፍ እላለሁ። ሐያትን እንድጠብቃት አልጠይቅዎትም፤ እሷ እኔን አትፈልገኝም፣ እውነቷንም ነው። ለማለት የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በሕይወት ሳሉ ማለት ነበረብኝ። ያን ቀን አዋሽ ዳር አልተኙም። ውዱእ አድርገው፣ ቃሌን አምነው፣ ለሰላት ቆመው ነበር። ያልነቃሁት እኔ ነኝ። ይህን ልጅዎ አውቃለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሁሉ ያውቃል። አሁን ደህና ይተኙ፣ ጋሽ ይመር።